የድሮውን የድረ ገጽ ቅጂ በአድራሻው ውስጥ በሚገባ ቁጥር ማውጣት፦ ከደሴ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

አንድ ድረ ገጽ ዛሬ ሲከፈት የሚታየው የዛሬ መልኩ ብቻ ነው። ባለፈው ወር የተለጠፈው ማስታወቂያ ታርሞ፣ የስም ዝርዝሩ ተቀይሮ፣ ወይም ገጹ ከነጭራሹ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ግን ይህን የሚያውቅበት ምልክት ከገጹ ላይ ብዙ ጊዜ አያገኝም። እኔ በምሠራበት በደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ የኮምፒውተር አገልግሎት መስጫ ቤት አንድ ቀን ከኩታበር የመጣች ወጣት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዛ ቀረበች። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ያስገባችው ማስታወቂያው በሚለው ቀን ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ በኋላ «ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው ያመለከትሽው» ተባለች፤ ገጹን ስንከፍተው የማመልከቻው ማብቂያ ቀን በእርግጥ ቀድሞ እርሷ ካነበበችው የተለየ ሆኖ አገኘነው። የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ ከሚይዝ የኢንተርኔት መዝገብ የድሮውን ቅጂ ለመፈለግ ተቀመጥን፤ እርሷም ዓመቱን 2015 ብላ ጻፈች። የመጣው ገጽ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ማስታወቂያም አለበት፤ ነገር ግን በፈረንጆቹ 2015 የተቀመጠ፣ እርሷ ገና ተማሪ ሳለች የወጣ ነበር። መዝገቡ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲወስደን አንዳች ማስጠንቀቂያ አልሰጠንም።

ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ስሕተት ነው። የድሮ ቅጂን በአድራሻ መጥራት ቀላል ነው፤ የሚከብደው የጠየቁት ቀንና የተሰጠዎት ቀን አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው፤ ስለዚህም ከዚህ በታች ከአጠራሩ ይልቅ በማረጋገጡ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አድራሻዎችን እዚህ የምጽፈው በግእዝ ፊደል ስለሆነ፣ በብራውዘሩ የአድራሻ ቦታ ላይ ሲጽፉ ቃላቱን በላቲን ፊደል ይተኩ፤ ነጥቡን፣ እዝባሩን (/)፣ የጥያቄ ምልክቱን፣ የእኩል ምልክቱንና አሃዞቹን ግን እንዳሉ ያስገቡ። ለምሳሌ «ዌብ» ያልኩት ደብሊው፣ ኢ እና ቢ የተባሉት ሦስት ፊደላት ናቸው።

ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ይለዩ

በአድራሻ ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ የእትም ቁጥር አይደለም። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. ሲያስገባ ተራ ቁጥር 18ን ሰጣቸው፤ የገጻቸውም አድራሻ እስከ ዛሬ በ«/ሊስት/18» ያበቃል። ይህ 18 የቅርሱ መለያ እንጂ የገጹ እትም አይደለም፤ ገጹ መቶ ጊዜ ቢታረም ቁጥሩ ያው 18 ነው። የቴሌግራም መልእክትም እንዲሁ ነው። በቻናሉ ስም ቀጥሎ ከእዝባር በኋላ የሚመጣው ቁጥር የመልእክቱ መለያ ነው፤ ባለቤቱ መልእክቱን ቢያርመው ያው አድራሻ የታረመውን ያሳያል እንጂ የቀደመውን አያስቀርም። አሁን አሁን ብዙ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን በቴሌግራም ስለሚለቅ፣ «ሊንኩ አለኝ» ማለት «ያኔ ያነበብኩት አለኝ» ማለት እንዳልሆነ ለደንበኞቼ ደጋግሜ እነግራለሁ።

የእትም ቁጥር ግን ይዘቱን ከነጊዜው የሚቆልፍ ነው። ሦስት መልክ አለው ማለት ይቻላል፦ በ14 አሃዝ የተጻፈ የቀንና የሰዓት ማኅተም፣ በተከታታይ የሚሰጥ የእርማት ቁጥር፣ እና ከይዘቱ ራሱ ተሰልቶ የሚወጣ ረዥም የፊደልና የአሃዝ ድብልቅ። የመጀመሪያው በኢንተርኔት አርካይቭ፣ ሁለተኛው በዊኪፔዲያ፣ ሦስተኛው የፕሮግራም ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይ ይገኛል። ለአብዛኛው የቢሮና የትምህርት ጉዳይ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር።

ቀኑን ወደ 14 አሃዝ ይለውጡ

ኢንተርኔት አርካይቭ በ1996 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ በብሩስተር ኬል የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዌይባክ ማሽን የተባለውን የድረ ገጽ ቅጂዎች መዝገቡን ለሕዝብ የከፈተው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ እያንዳንዱ ቅጂ በተወሰደበት ቅጽበት ይጠራል፤ ቅጽበቱም በ14 አሃዝ ይጻፋል፦ አራት አሃዝ ለዓመት፣ ሁለት ለወር፣ ሁለት ለቀን፣ ሁለት ለሰዓት፣ ሁለት ለደቂቃ፣ ሁለት ለሰከንድ። በመካከላቸው ሰረዝም ክፍተትም አይገባም።

ለእኛ ሁለት መሰናክሎች አሉበት፤ አንደኛው የዘመን አቆጣጠር፣ ሁለተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው።

ዓመቱን ሲለውጡ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ይደምሩ። ለወሩና ለቀኑ የእያንዳንዱን ወር መባቻ መያዝ ይበቃል፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ ይውላሉ። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው በዘመነ ዮሐንስ ግን ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ አንድ ቀን ይጨመራል። የላሊበላን ገና የሚያከብር ሰው ይህን ሳይሰላ ያውቀዋል፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ መዝገቡ የሚጠቀመው የአዲስ አበባን ወይም የደሴን ሰዓት ሳይሆን ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ይህም ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ደግነቱ በእኛ አቆጣጠር ለሚያስብ ሰው ስሌቱ ከፈረንጅ ሰዓት ተነሥቶ ከመቀነስ ይልቅ ይቀላል፦ ቀን ከሆነ ሰዓቱ ላይ 3 ይደምሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል 06:30 ይሆናል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ደግሞ 13:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ 15 ይደመራል፤ ቀኑም ባመሸበት ይቆያል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ግን 9 ይቀነስና ቀኑ ወደ ማግስቱ ያልፋል።

እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል የነበረውን ገጽ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ይሄዳል፦ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10 ከሆነ ታኅሣሥ 29 ከእርሱ 28 ቀን በኋላ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ቀኑ ከጃንዋሪ ወዲህ ስለሆነ በዓመቱ ላይ 8 ተደምሮ 2019 ይሆናል፤ ሰዓቱ 06:30 ነው። ማኅተሙ 20190107063000 ሆኖ ይጻፋል። 2011 ብለው ቢጀምሩት መዝገቡ እንደ ፈረንጅ 2011 ቆጥሮ፣ ቅጂ ካለው ያንን ያቀርብልዎታል። ዝም ብሎ ስለሚያቀርብ ነው አደገኛ የሆነው።

አሃዞቹን ሁሉ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ዓመቱን ብቻ፣ ወይም ዓመቱንና ወሩን ብቻ ቢጽፉ መዝገቡ ይቀበላል፤ የጎደለውን ራሱ ሞልቶ በአቅራቢያው ያለውን ቅጂ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ፍለጋ ይህ ይጠቅማል፤ ለማስረጃ ግን አይበቃም።

ቅጂውን ይጥሩ፣ ከዚያም የተሰጠዎትን ቀን ያንብቡ

የአድራሻው አሠራር እንዲህ ነው፦

ዌብ.አርካይቭ.ኦርግ/ዌብ/20190107063000/የሚፈልጉት ገጽ ሙሉ አድራሻ

ይኸውም የመዝገቡ ስም፣ እዝባር፣ «ዌብ» የሚለው ቃል፣ እዝባር፣ 14ቱ አሃዞች፣ እዝባር፣ በመጨረሻም የዋናው ገጽ አድራሻ ከነመነሻው ነው። ይህን ጽፈው የማስገቢያውን ቁልፍ ሲጫኑ፣ በዚያች ሰከንድ የተወሰደ ቅጂ ከሌለ (ብዙ ጊዜም አይኖርም) መዝገቡ «የለም» አይልም፤ ለጠየቁት ጊዜ ቅርብ ወደሆነው ቅጂ ያዛውርዎታል። ቅርብ ማለት ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የተወሰደም፣ በኋላ የተወሰደም ሊሆን ይችላል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ረቡዕ ቦታው ላይ የደረሰ ሰው ሜዳውን በትክክል አግኝቶታል፤ ገበያውን ግን አላገኘም። ከመዝገቡ የሚመጣ ገጽም በትክክል ያ ገጽ ሆኖ ሳለ የዚያ ቀን ገጽ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ገጹ ተከፍቶ እንዳለቀ ይዘቱን ከማንበብዎ በፊት ዓይንዎን ወደ አድራሻው ቦታ ይመልሱ። እርስዎ የጻፉት 14 አሃዝ በሌላ 14 አሃዝ ተተክቶ ያገኙታል፤ የቅጂው እውነተኛ ዕለት ይህ ሁለተኛው ነው። በገጹ አናት ላይ በሚታየው የመዝገቡ መሥመርም ላይ ያው ቀን በፊደል ይነበባል። ከስልክ ሲሠሩ የአድራሻው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ቁጥሩ ይደበቃል፤ አድራሻውን ኮፒ አድርገው ማስታወሻ ላይ ቢለጥፉት ሙሉውን ያነባሉ። ያገኙትን ማኅተም መልሰው ወደ እኛ አቆጣጠር ይለውጡና ከሚፈልጉት ክስተት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ይወስኑ። የኩታበሯ ልጅ ጉዳይ የተፈታው ማስታወቂያው በወጣ በአራተኛው ቀን የተወሰደ ቅጂ በመገኘቱ ነው፤ ከእርማቱ በኋላ የተወሰደ ቢሆን ኖሮ ገጹ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ለእርሷ አንዳች አይረባም ነበር።

አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ «ገጹ ያኔ እንዲህ ይል ነበር» ማለት ይቻላል። «የተቀየረው በዚህ ቀን ነው» ለማለት ግን ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከለውጡ በፊት፣ አንዱ ከለውጡ በኋላ። ያኔም ቢሆን የሚታወቀው ለውጡ በሁለቱ መካከል መደረጉ ነው እንጂ ዕለቱ አይደለም።

ያሉትን ቅጂዎች በዝርዝር ያውጡ

በግምት አንድ በአንድ ከመጥራት ይልቅ ያሉትን ቅጂዎች አስቀድሞ ማየት ይሻላል። በ14ቱ አሃዞች ቦታ የኮከብ ምልክት ቢያስገቡ፣ ማለትም «/ዌብ/*/» ብለው የገጹን አድራሻ ቢያስከትሉ፣ ቅጂ የተወሰደባቸው ቀኖች የተመለከቱበት የቀን መቁጠሪያ ይከፈታል። ከዓመቱ ቀጥሎ ኮከቡን ቢያደርጉ፣ እንደ «/ዌብ/2019*/»፣ የዚያን ዓመት ብቻ ያሳያል። ኮከቡን በአድራሻው መጨረሻ ላይ ቢያደርጉት ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ በዚያ አድራሻ የሚጀምሩትን በመዝገቡ ያሉ ገጾች ሁሉ ይዘረዝራል። ገጹ ወደ ሌላ አድራሻ ተዛውሮ የጠፋ ሲመስል ብዙ ጊዜ የሚያወጣኝ ይህ ሁለተኛው አጠቃቀም ነው።

ይሁን እንጂ የቀን መቁጠሪያው ገጽ ከባድ ነው፤ መሥመሩ በሚደክምበት ሰዓት ግማሹ መጥቶ ግማሹ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ሲዲኤክስ ወደሚባለው የመዝገቡ ማውጫ ይሂዱ፤ እርሱ ሥዕልም ቀለምም የለው፣ ደረቅ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይመጣል። አድራሻው እንዲህ ነው፦

ዌብ.አርካይቭ.ኦርግ/ሲዲኤክስ/ሰርች/ሲዲኤክስ?ዩአርኤል=የገጹ አድራሻ&ፍሮም=201901&ቱ=201903

ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያሉት ፓራሜተሮች (ፍለጋውን የሚወስኑ ቃላት) በ«&» ምልክት እየተያያዙ ይቀጥላሉ፤ «ፍሮም» መነሻውን፣ «ቱ» መድረሻውን ይወስናል፤ ሁለቱም እንደ ማኅተሙ ከ4 እስከ 14 አሃዝ ይቀበላሉ። «ሊሚት» የሚመጡትን መሥመሮች ብዛት ይገድባል። የሚመለሰው ዝርዝር ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ መሥመር ይዞ፣ በመሥመሩ ውስጥ ሰባት ነገሮችን በክፍተት ለይቶ ያስቀምጣል፦ የተስተካከለው የአድራሻ ቁልፍ፣ 14 አሃዙ፣ ዋናው አድራሻ፣ የይዘቱ ዓይነት፣ የሰርቨሩ መልስ ቁጥር፣ የይዘቱ አሻራ እና መጠኑ።

ከሰባቱ ሁለቱን በትኩረት ያንብቡ። የመልሱ ቁጥር 200 ከሆነ ያኔ ሰርቨሩ ገጹን ሰጥቷል ማለት ነው፤ 301 ወይም 302 ከሆነ ያኔ ገጹ ወደ ሌላ አድራሻ ይልክ ነበር፤ 404 ከሆነ የተያዘው «ገጹ የለም» የሚለው መልስ ነው። አሻራው ደግሞ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ የፊደልና የአሃዝ ድብልቅ ነው፤ በሁለት ተከታታይ መሥመሮች አሻራው አንድ ከሆነ ይዘቱ በመካከላቸው አልተቀየረም፤ ከተለወጠ አንድ ነገር ተነክቷል። የተነካው ግን የጎብኚ መቁጠሪያ ወይም በገጹ ግርጌ ያለ የቀን ጽሑፍ ብቻም ሊሆን ስለሚችል፣ አሻራ ስለተለያየ ብቻ ማስታወቂያው ተቀይሯል አይበሉ፤ ሁለቱን ከፍተው ያስተያዩ። «ኮላፕስ=ዳይጀስት» የሚለውን ቢጨምሩ ተከትለው የመጡና አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው መሥመሮች ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፤ በብዙ መቶ ቅጂ መካከል ለሚፈልግ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥሬውን ቅጂ ይውሰዱ

መዝገቡ ገጹን ሲያሳይ ሁለት ነገር ይጨምርበታል፤ በአናቱ ላይ የራሱን መሥመር ያደርጋል፣ በውስጡ ያሉትን ሊንኮች ደግሞ ወደ መዝገቡ እንዲመለሱ አድርጎ ይጽፋቸዋል። ለማንበብ ይህ መልካም ነው፤ ዋናውን ኮድ ለሚመረምር ወይም ፋይሉን እንዳለ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ያደናግራል። ከ14ኛው አሃዝ ቀጥሎ ክፍተት ሳይተዉ አይ እና ዲ የተባሉትን ትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ ከዚያም የግርጌ ሰረዝ (_) ቢጨምሩ መዝገቡ ምንም ሳይነካ በተያዘበት መልኩ ይሰጥዎታል። በአይ እና ዲ ፈንታ አይ እና ኤፍ ቢያደርጉ የአናቱ መሥመር ብቻ ይወገድና ሊንኮቹ እንደተስተካከሉ ይቆያሉ፤ ገጹን አትሞ ከማመልከቻ ጋር ለሚያያይዝ ሰው የሚሻለው ይህ ይመስላል፤ ነገር ግን የአናቱ መሥመር ሲቀር ቀኑም ስለሚቀር፣ እኔ ለማስረጃ የሚሆነውን ከነመሥመሩ ማተም እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ድረ ገጽ አንድ ፋይል አይደለም፤ ጽሑፉ፣ ሥዕሉ፣ ቅርጹን የሚወስነው ፋይል እያንዳንዱ የየራሱ አድራሻ አለው፤ መዝገቡም ለእያንዳንዱ የየራሱን ማኅተም ይሰጣል። ጽሑፉ የጃንዋሪ 7 ሆኖ ሳለ በውስጡ የተሰካው ሥዕል በዚያ ቀን ካልተያዘ፣ ቅርብ የሆነው፣ ምናልባትም የማርች ሥዕል፣ በቦታው ገብቶ ይታያል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ሳይሆን ተቃኝቶ እንደ ሥዕል የተለጠፈ ከሆነ (የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ማኅተምና ፊርማ እንዲታይ ስለሚፈልጉ ይህን ያዘወትራሉ) የገጹን ቀን አይተው ማረፍ አይገባም። በሥዕሉ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ለብቻው በአዲስ ገጽ ይክፈቱትና የእርሱን 14 አሃዝ ያንብቡ።

በዊኪፔዲያ፦ የእርማት ቁጥርና የፊደላችን ጣጣ

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያጻፉት ወንጌል ማን እንዳጻፈውና መቼ እንደተጻፈ በራሱ ላይ ይዟል፤ ለዚህም ነው ከሌሎች ቅጂዎች ለይተን ስለ እርሱ መናገር የምንችለው። ዊኪፔዲያም ለእያንዳንዱ እርማት ማን፣ መቼ እንዳደረገው ጽፎ ቁጥር ይሰጠዋል። ከጽሑፉ አናት ላይ የለውጥ ታሪኩን ከፍተው ከቀኖቹ አንዱን ቢጫኑ፣ በአድራሻው ውስጥ «ኦልድአይዲ=» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያ ቁጥር ይታያል። ይህ ፓራሜተር ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚመጣ ነው። በእዝባር የሚጻፈው አጭሩ መንገድ ደግሞ በአማርኛው ዊኪፔዲያ «ልዩ:ፐርማነንትሊንክ/» ብሎ ቁጥሩን ማስከተል ነው፤ «ልዩ» የሚለውን በግእዝ፣ ቀሪውን በላቲን ይጽፉታል።

ቁጥሩ የሚቆጠረው በገጽ ሳይሆን በመላው ዊኪ ስለሆነ፣ የደሴን ገጽ አንድ ሰው ዛሬ፣ ሌላው በሚቀጥለው ወር ቢያርሙት ሁለቱ ቁጥሮች ተከታታይ አይሆኑም፤ «አንድ ቀንሼ የቀደመውን ላግኝ» ማለት ወደ ሌላ ርእስ ያደርሳል። እንዲያውም የርእሱ ስም በአድራሻው ውስጥ ቢኖርም ገጹን የሚወስነው ቁጥሩ ነው፤ ርእሱ ላሊበላ፣ ቁጥሩ የሌላ ጽሑፍ ከሆነ የሚከፈተው ያ ሌላው ጽሑፍ ነው። ሌላው ጥንቃቄ ስለ ቴምፕሌቶች (አንድ ጊዜ ተጽፈው በብዙ ገጾች ውስጥ የሚጠሩ ክፍሎች) እና ስለ ሥዕሎች ነው፤ የድሮ እትም ሲከፈት የጽሑፉ አካል የድሮው ሆኖ፣ በውስጡ የተጠሩት ቴምፕሌቶችና ሥዕሎች ግን የዛሬውን መልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ በገጹ ዳር ባለው ሣጥን ውስጥ ያለ አኃዝ ከቴምፕሌት የመጣ ከሆነ የዚያ ዘመን አኃዝ ነው ብለው አይጥቀሱት።

የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገባ የራሱ ጣጣ አለው። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ባይት በአድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክትና በሁለት ቁምፊ ስለሚጻፍ አንድ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። «ደሴ» 18፣ «ላሊበላ» 36፣ «ኮምቦልቻ» 45 ቁምፊ ይወጣዋል። አድራሻውን ኮፒ አድርገው ሲለጥፉ በመቶኛ ምልክቶች የተሞላ ረዥም ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፤ ከመካከሉ አንድም ቁምፊ አይቁረጡ። በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ሲልኩት መጨረሻው እየተቆረጠ እንደሚቀር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በእርማት ቁጥሩ ብቻ የሚጠራው አጭሩ አድራሻ ከዚህ ያድናል።

ከዚህ የሚብሰው የፊደል መመሳሰል ነው። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። በ«ጸ» እና «ፀ»፣ በ«ሰ» እና «ሠ»፣ በ«አ» እና «ዐ»ም እንዲሁ ነው። መዝገቡ «ለዚህ አድራሻ ቅጂ የለኝም» ካለዎት ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ ጽሑፉ በየትኛው ፊደል እንደተሰየመ በተቻለ መጠን ከራሱ ገጽ ላይ ኮፒ አድርገው ይውሰዱ እንጂ በእጅዎ አይጻፉት። በእጅ መጻፍ ግድ ከሆነ እያንዳንዱን አማራጭ ይሞክሩ።

በሶፍትዌር መመሪያዎችና በኮድ ላይ

ይህ ለፕሮግራም ተማሪዎች ነው፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። የፓይተን መመሪያ በአድራሻው ውስጥ «/3.8/» ካለ የዚያ እትም ሆኖ ይቆያል፤ «/3/» ብቻ ካለ ግን ሁልጊዜ ወደ ወቅቱ እትም ይዞራል። የጃንጎ መመሪያም ቋንቋውንና እትሙን ተራ በተራ በእዝባር መካከል ያስቀምጣል። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ነጥብ ያለበት ሙሉ ቁጥር ነው። በጊትሃብ ላይ ደግሞ በአድራሻው ውስጥ የቅርንጫፉ ስም ካለ ይዘቱ ነገ ይለወጣል፤ ፋይሉን ከፍተው ዋይ የተባለችውን ቁልፍ ቢጫኑ የቅርንጫፉ ስም በ40 ቁምፊ የኮሚት መለያ ይተካል፤ ያ አድራሻ አይለወጥም።

ዛሬ ያዩትን ዛሬ ያስቀምጡ

ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰው ወይም መዝገቡ ራሱ ቀድሞ ቅጂ ወስዶ ከሆነ ነው። የወሎ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ገጾች ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ተይዘው አገኛለሁ፤ ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ አልተያዙም። ስለዚህ ለነገ ይጠቅመኛል የሚሉትን ገጽ በዕለቱ ራስዎ ያስይዙ፦ «ዌብ.አርካይቭ.ኦርግ/ሴቭ/» ብለው የገጹን ሙሉ አድራሻ ያስከትሉ። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ሲያበቃ አዲሱን 14 አሃዝ ይሰጥዎታል። በይለፍ ቃል የሚከፈት ገጽ በዚህ መንገድ አይያዝም። የቴሌግራም የሕዝብ ቻናል ከሆነ፣ ከቻናሉ ስም በፊት ኤስ የተባለችው ፊደል በእዝባር ተለይታ የገባችበትን የድረ ገጽ መልክ ያስይዙ፤ እርሱ ያለ መተግበሪያው በብራውዘር የሚነበበው ነው። ገጹ ከተያዘ በኋላ የተያዘውን ከፍተው ጽሑፉ በእርግጥ መኖሩን ይመልከቱ፤ በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚሞሉ ገጾች ተይዘው ሳለ ባዶ ሆነው ይከፈታሉ፤ እንዲህ ከሆነ የስክሪን ፎቶም ያንሡ።

በማስታወሻዎ ላይ አራት ነገር በአንድ መሥመር ይጻፉ፦ የዋናውን ገጽ አድራሻ፣ የጠየቁትን ማኅተም፣ ያገኙትን ማኅተም፣ እና ያገኙት ማኅተም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚውልበትን ቀንና ሰዓት። ለመሥሪያ ቤት በሚገባ ማመልከቻ ላይ የመጨረሻውን ያስቀድሙ፤ ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው የሚያነበው እርሱን ነው፤ 14ቱን አሃዞች ደግሞ በቅንፍ ውስጥ ከጎኑ ያስገቡለት፤ ተጠራጥሮ ራሱ ቢከፍተው ያንኑ ቅጂ እንዲያገኝ።